ከልክ በላይ ያጠበቅሁት ብሎን

ጥርሱ ሲበላ ብሎን ድምፅ የለውም። እየጠበቀ እየጠበቀ ይመጣና ድንገት እጅህ ላይ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ብታዞረው ብታዞረው ያው ነው። የአሮጌዋን ቮልሴን ሞተር አውርጄ፣ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ከሚይዙት ብሎኖች የመጨረሻውን ሳጠብቅ እንዲህ ሆነብኝ። "የት አባክ!" ብዬ ቁልፉን ግቢው መሀል ወረወርኩት። የሰማኝ የለም። ፍኖተ ሰላም ባለው ቤቴ ውስጥ የምኖረው እኔ ብቻ ነኝ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ድሮ መኪና ስሠራ ባለቤቴ ጄሪካን ገልብጣ፣ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። ብሎን ሲጠብቅ ትንሽ ሲጥ ይላል። ያንን ስትሰማ ቀና እንኳ ሳትል "ይበቃዋል!" ትላለች። "አንቺ ሴትዮ፣ መካኒኩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?" እላታለሁ። ግን አቆማለሁ። የኔ እጅ የለመደው የጭነት መኪና ብረት ነው፤ የዚህን ለስላሳ አልሙኒየም ልክ አያውቅልኝም። ሠላሳ ዓመት በሷ ጆሮ ሠርቼ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳትም።

ሙት ዓመቷ ሊደርስ ሳምንት ቀርቶት ነበር። የተቀበረችው በትውልድ ቀየዋ፣ ከገበዝ ማርያም አለፍ ብሎ ነው። ታማ ሳለች "እስቲ በመኪናችን አገሬ ውሰደኝ፣ እህቴን ልያት" ብላኝ ነበር። "ቆይ ሞተሩ ይታደስ፣ ክረምቱም ይውጣ" አልኳት። ክረምቱ ሳይወጣ እሷ ሄደች። አስከሬኗን በሰው መኪና ነው ያደረስነው። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለሙት ዓመቷ በራሷ መኪና እደርሳለሁ ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ጎረቤቶቼ "ምነው በሚኒባስ ቢሄዱ?" ሲሉኝ "እናንተን ምን አገባችሁ!" ብዬ አባረርኳቸው። እንዲህ እያልኩ ነው ሰው አልባ የሆንኩት እንጂ ማንም አልበደለኝም።

ለተበላ ጥርስ መድኃኒቱ አንድ ነው። ቀዳዳውን አስፍተህ አዲስ ጥርስ ታወጣለህ፤ ከዚያ ውስጡም ውጩም ጥርስ ያለው የብረት ቡሽ ታስገባበታለህ። ያን የመሰለ ቡሽ የሚሠራልኝ ቡሬ ያለ ብረት ቀራጭ የቶርኖ ባለሙያ ነው። ሁለት ቀን መንገድ ተዘግቶ ቤቴ ተቀመጥኩ፤ በሦስተኛው ሄድኩ። ሰውየው ብሎኑ ላይ ተጠምጥሞ የወጣውን የአልሙኒየም ክር በጥፍሩ አነሳና "አባባ፣ ከበሬ ጋር ነው እንዴ የታገሉት?" አለኝ። ሳቅሁ። ከሰው ጋር ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ! ቡሹን ጨርሶ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ እኔ ግን እዚያው ቆሜ ሌላ ሥራውን ሲሠራ አየው ጀመር። "የቀረ ነገር አለ?" ሲለኝ አፍሬ ወጣሁ።

ቀዳዳውን በእጅ መሰርሰሪያ፣ በትራፓኖ፣ ማስፋቱ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ትንሽ ከጠመመ ሞተሩም አለቀለት፣ እኔም አለቀልኝ። ላቤ ዓይኔን እያቃጠለው ቀስ እያልኩ አዲሱን ጥርስ አወጣሁ፤ ቡሹም ቀጥ ብሎ ገባ። ብሎኑን ማጥበቁ ላይ ደረስኩ። ትንሽ አዞራለሁ፣ ቆም ብዬ አዳምጣለሁ፣ ደግሞ ትንሽ እጨምራለሁ። ሲጥ አለ። ዞር ብዬ ጄሪካኑን አየሁት፤ ምን እንደምጠብቅ እንጃ። ቁልፉን አስቀመጥኩት። ሞተሩን መልሼ ለመስቀል ግን አንድ ሰው አይበቃምና ያባረርኳቸውን ጎረቤቶቼን ሄጄ ለመንኩ። አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣቸው መጥተው ገጠሙልኝ።

በሙት ዓመቷ ዕለት ማለዳ ሞተሩ ገና በመጀመሪያው ተነሳ። የቋሪትን ዳገት እየተንፏቀቅኩ ወጣሁት። ዘይት የሚያፈስ እየመሰለኝ አሥር ጊዜ ወርጄ ከሥሯ አጎንብሻለሁ፤ አንዲት ጠብታ የለም። ታላቅ እህቷ ደጃፍ ስደርስ ፀሐዩ ገና አልጠነከረም።

እትዬ የቮልሷን ድምፅ ከሰማች ዓመታት አልፈዋታል። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ጥቁር ነጠላዋን እያጣፋች "እሰይ፣ መጣችሁ! ደግ አደረጋችሁ!" እያለች ወጣች። እኔን አልፋ፣ እንደ ድሮው ልማዷ፣ በወዲያኛው በኩል ዞረች። በሩን ከፈተችና እህቷን ልታወርድ ሁለት እጇን ዘረጋች። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

"ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ" አልኳት። ዓመት ሙሉ ለማንም ብዬው አላውቅም።

በሩን አልዘጋችውም። ጎንበስ ብላ ገባችና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በግሪስ የጠቆረ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። በቀብሯ ቀን እምቢ ያለኝ ልቅሶ ያኔ ወጣልኝ።