ሰፊው ኮት

የግቢያችን ዋና የውኃ መዝጊያ የተሰበረው በፈረቃችን ዕለት ነበር፤ ያ ውኃ ካመለጠን ደግሞ ሳምንት መጠበቅ ነው። ልትቀይረው የመጣችው ሴት ሰፊ የወንድ ኮት ለብሳ እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፋዋለች።

«ኮቱንም ሙያውንም የተወልኝ ሟቹ ባለቤቴ ነው» አለችኝ።

«ቢስሚላህ» ብላ አሮጌውን ፈታች፤ የቧንቧው ጥርስ ላይ ቃጫ እየጠመጠመች ታንጎራጉራለች።

«እህቴ፣ ውኃው ሳይመጣ ትደርሻለሽ?»

«አቦ ጋሼ፣ አያስጨንቁኝ! እኔን ሳይጠብቅ የት ይሄዳል?»

አዲሱን አጥብቃ ስትጨርስ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጠፈች።

«ዱፌ! መጣ!»

ስትከፍተው ውኃው እያስነጠሰ ባልዲያችንን ሞላ፤ ከመጋጠሚያው አንዲት ጠብታ አልወጣችም። የኮቱን ደረት በእርጥብ እጇ መታ መታ አድርጋ ሳቀች።

«አየህልኝ ሰውዬ? አንተ እኮ መጀመሪያ ስትከፍተው ሁሌ ያንጠባጥብብህ ነበር!»