የሾርባው ድንኳንና የመስታወቱ ክፍል

ባለፈው ቅዳሜ ሆላንድ ውስጥ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ አንዲት ወጣት በወረቀት ኩባያ የምስር ሾርባ ሰጠችኝ። አብራ አንድ በራሪ ወረቀት ጨመረችልኝ። ሁዳዴ ስለነበር ሾርባውን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ወረቀቱን ገልጬ ሳይ ግን ትኩሱ ሾርባ እጄ ላይ ፈሰሰ። ፎቶው ላይ ነጭ ጥንቸል ያቀፈ፣ ደም የሸፈነው እጅ አለ። የእጁ ባለቤት ማን እንደሆነ አይታይም፤ ፎቶውን ክርኑ ላይ ቆርጠውታል። እኔ ግን እጁን አውቀዋለሁ። የእትዬ አስካለ እጅ ነው።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ከሮተርዳም ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር፣ መድኃኒት በእንስሳት ላይ የሚሞክር ድርጅት ውስጥ ኮሪደር አጸዳ ነበር። ግጥም የምጽፈው የጽዳት ጋሪዬን ተደግፌ፣ በእጅ ማድረቂያ ወረቀት ላይ ነው። አስተማሪ ስላልነበረኝ ዓይኔ ያረፈበትን ሁሉ እጽፍ ነበር። እትዬ አስካለ ደግሞ የጥንቸሎቹ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። በስደት የመጡ፣ በዕድሜ እናቴን የሚሆኑ ሴት ናቸው። ጥንቸሎቹን ይመግባሉ፣ ማደሪያቸውን ያጥባሉ፣ ሐኪሙ ሲወጋቸው አቅፈው ይይዛሉ። «እነሱም ቢሆኑ ሲወጉ የሚይዛቸው ይፈልጋሉ» ይሉ ነበር። ስለ ሥራቸው ከዚህ በላይ ሲናገሩ አልሰማሁም።

ከአጥሩ ውጭ ተቃዋሚዎች ድንኳን ተክለዋል። ተመራማሪዎቹ በትልቁ በር በመኪና ሲገቡ «ገዳዮች!» ብለው ይጮሁባቸዋል። እኛ ማልደን በጓሮ በር ስለምንገባ የሚያየን የለም።

እትዬ አስካለ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። በዚያ ሰዓት የድርጅቱ ካፌ ውስጥ የሚተርፈው የቺዝ ዳቦ ብቻ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ግን ሥጋም ቅቤም ያልነካው ሾርባ ይንተከተካል።

«እትዬ፣ እነዚህ እኮ የሚሰድቡን ሰዎች ናቸው» አልኳቸው።

«ስድቡ ለትልቁ በር ነው። ሾርባው የጾም ነው» አሉና ካፖርታቸውን ዩኒፎርማቸው ላይ ደርበው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው።

ሾርባውን የሚቀዳው ባስ የሚባል ቀይ ፂም ያለው ረጅም ልጅ ነበር። የጎረቤቱ መጋዘን ሠራተኞች መስለነዋል፤ የት እንደምንሠራ አልጠየቀም፣ እኛም አልነገርነውም። ሲውል ሲያድር ለእትዬ አስካለ ሾርባ ማስቀመጥ ጀመረ።

«አንቺም እንደኛ ሥጋ አትበይም ማለት ነው?» አላቸው አንድ ቀን በሆላንድኛ።

«እስከ ፋሲካ።»

«ከፋሲካ በኋላስ?»

«ከፋሲካ በኋላማ ዶሮ አለ!»

ባስ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እትዬ ከኪሳቸው ሚጥሚጣ አውጥተው ሾርባው ላይ ነሰነሱ። «ጨው ያንሰዋል፣ ልጄ» አሉት። እሱም ከሚጥሚጣው ቀመሰና እንባው ፂሙ ላይ እስኪወርድ ድረስ ሳለ። ከዚያ ወዲህ «እማማ» ይላቸው ጀመር።

ድርጅቱ በበኩሉ «ምን ትደብቃላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ስለሰለቸው በሩን ለሕዝብ ሊከፍት ወሰነ። የጥንቸሎቹ ክፍል ግድግዳ ፈርሶ በመስታወት ተተካ። ከመስታወቱ በላይ በቁልፍ የሚወርድ መጋረጃ ተሰቀለ። የመጋረጃውን ሐዲድ ያጸዳሁት እኔ ነኝ።

በሩ ለሕዝብ የተከፈተበት ቀን ቅዳሜ ነበር። ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ ነፋሱ ከወደቡ የዘይት ሽታ ያመጣ ነበር። ኃላፊው እንግዶቹን ኮሪደሩ ላይ ሰብስቦ «እዩ፣ ጠይቁ፣ ፎቶ አንሱ። የምንደብቀው የለም» አለ። ከእንግዶቹ ኋላ ባስ ቆሟል። ፂሙን ተላጭቶ ስለነበር የለየሁት በቁመቱ ነው።

እትዬ አስካለ ከመስታወቱ ወዲያ ነጭ ጥንቸል አቅፈዋል፤ ሐኪሙ ጆሮዋ ላይ መርፌ ሰክቷል። ቀና ሲሉ ባስን አዩት። እጃቸው ስለተያዘ ፈገግ ብለው በአንገታቸው ሰላም አሉት፤ የሚያውቁትን ሰው ዝም ብለው ማለፍ አይችሉም።

የባስ ፊት አመድ መሰለ። ከጃኬቱ ውስጥ መዶሻ አወጣ።

መስታወቱ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ እንደ በረዶ ወረደ። አንዱ ስባሪ የእትዬን እጅ ከአውራ ጣት እስከ አንጓ ቀደደው። ደሙ ጥንቸሏ ላይ ፈሰሰ፤ እሳቸው ግን አልለቀቋትም። ሰው ይጮሃል፣ አንዳንዱ ፎቶ ያነሳል። ባስ ስባሪውን ረግጦ ገባና አንገታቸውን አንቆ ከግድግዳው አጣበቃቸው።

«ሾርባዬን እየበላሽ! ሾርባዬን እየበላሽ ነው ይህን የምትሠሪው!»

ከኋላው ገብቼ በመወልወያዬ ዘንግ ማጅራቱን መታሁት። ዘንጉ ታጠፈ። ደግሜ መታሁት፣ ወደቀ። ጠባቂዎቹ ደረሱና እኔን ገፍትረው ሥራውን ተረከቡኝ። በቦት ጫማ ፊቱን ረገጡት፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አየሁ። እጁን ዘርግቶ «በቃ» ይላል፣ እነሱ ይረግጣሉ።

ይሄኔ ኃላፊው ቁልፉን ተጫነ። መጋረጃው ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ ወረደ። እንግዶቹ ከወዲያ ቀሩ፣ እኛ ከወዲህ።

«አንተ ልጅ፣ ይገድሉታል እኮ! ቆመህ ታያለህ?» ብለው እትዬ አስካለ ባስ ላይ ተደፉበት። ለእሱ የተሰነዘረው እርግጫ ጎናቸው ላይ አረፈ። የጎናቸው አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል ጥንቸሏ ስባሪው መሐል ተደፍጥጣ ነበር። የማን ጫማ እንደገደላት አላውቅም። የእኔም ሊሆን ይችላል።

እትዬ ሆስፒታል የተኙበት ድረስ የድርጅቱ ጠበቃ መጣ፤ ስለ መዶሻው ብቻ እንዲመሰክሩ ፈለገ። የተቃዋሚዎቹም ሰው መጣ፤ ስለ ቦት ጫማው ብቻ። እትዬ አስካለ ለሁለቱም ሁለቱንም ነገሩ። ሁለቱም ተመልሰው አልመጡም። የሥራ ውላቸው አልታደሰም።

ትናንት በራሪ ወረቀቱን ሮተርዳም ቤታቸው ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የቀኝ እጃቸውን ፎቶው አጠገብ ዘረጉ። አውራ ጣታቸው እንደ እንጨት ቀጥ ብሏል።

«ያኔ ይታጠፍ ነበር» አሉ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «ሾርባውስ?»

«ጨው ያንሰዋል።»

ጎናቸውን ደግፈው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ፣ «ያ ልጅስ? ጥርሱን አስተከለ ይሆን?» አሉኝ።

ስለዚያ ቀን ብዙ ጊዜ ግጥም ጀምሬ ትቻለሁ። ድርጅቱ ዛሬም ጎብኚ ይቀበላል፣ ተቃዋሚዎቹም ዛሬም ሾርባ ያድላሉ። የጥንቸሎቹን ስቃይ ሁለቱም በየፊናቸው ይተርኩታል፤ አንዱ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ሌላው ለምን እንደማያስፈልግ። ስለ ባስ ጥርስ ሲጠይቅ የሰማሁት ግን ባስ ያነቃቸውን ሴት ብቻ ነው። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁላቸው። ስለ እሱ አንድም ቃል አልነበረም።