ጎጀብ ላይ የዳነችው ሚኒባስ

ስሜ ወጣ! አውቶ መካኒክ ክፍል ገብቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ኮሌጁ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስሜን ሳይ ሳላስበው ጮኬ ኖሮ፣ ከኋላዬ የቆመው ልጅ «ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» አለኝ። «ከሎተሪ ይበልጣል» አልኩት። ሎተሪ የደረሰው ሰው ዕጣው ለምን እሱን እንደመረጠው አያውቅም። እኔ ግን ለምን እዚህ ሰሌዳ ላይ እንደተገኘሁ አሳምሬ አውቃለሁ። ቤት ስደርስ እማዬ እልል አለች፤ አንድ ጎረቤታችን ደግሞ በአጥር በኩል «ለሴት ልጅ ሌላ ትምህርት ጠፍቶ ነው?» አለ። መልሱ አጥር ላይ ቆሞ የሚያልቅ አልነበረም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩት ነው።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ነው። ቦንጋ ክረምት ሲገባ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሰነብታል። ጭጋጉ ከጫካው ወርዶ ደጃችን ድረስ ይመጣል፤ መንገድ ዳር በቆሎ እሸት የሚጠብሱት ሴቶች ከራሳቸው ይልቅ ከሰላቸውን ነው በጃንጥላ የሚከልሉት። እኔ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ጌታቸው ሹፌር ነው፤ የእትዬ አበራሽን ሚኒባስ ይነዳል። እትዬ አበራሽ ድምፃቸው ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ቡና ነጋዴ ናቸው። ሚኒባሷ ለረጅም ጊዜ በጅማ መስመር ስትሠራ ቆይታ፣ በዚያ ክረምት ወደ ብርዳማው የሺሺንዳ መስመር አዞሯት። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኔም ከአባዬ ጎን ተቀምጬ እውል ነበር።

ሺሺንዳ መሥራት ከጀመረች ወዲህ ሚኒባሷ ጠባይዋ ተለወጠ። ቤንዚን ትጠጣለች አይባልም፤ ትጨልጣለች። ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ትለቃለች፤ ዳገት ላይ ትንገጫገጫለች። የቤንዚኑ ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ስላለ እማዬ «ማደያ ነው እንዴ የዋልሽው?» ትለኝ ነበር።

አባዬ ጋሽ ወልዴ ጋራዥ ወሰዳት። ጋሽ ወልዴ አብዛኛው የቦንጋ ሹፌር የሚያምናቸው መካኒክ ናቸው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ሲፈቱ ሁሉም ጥላሸት ለብሰው ወጡ። አጸዱ፣ ፊልትሮ ቀየሩ፣ ሞተሩን አስነስተው ጆሯቸውን አዘንብለው ብዙ አዳመጡ። እዚያ ቆማ ስትሠራ ጭስ የሚባል የላትም። «ደህና ናት» አሉ። በማግስቱ ሺሺንዳ መንገድ ላይ ያው ጭስ፣ ያው ሽታ። እንደገና ጋራዥ፤ እንደገና «ደህና ናት»።

መኪናዋ ደህና ከሆነች ታዲያ ቤንዚኑ የት ገባ? እትዬ አበራሽ መልሱን ያገኙት መሰላቸው። በገበያ ቀን ጠዋት፣ መናኸሪያው በሰው ጢም ባለበት ሰዓት መጡ።

«ጌታቸው! ቤንዚኔን የት ነው የምታራግፈው?»

«እትዬ፣ መኪናዋ ታማለች» አለ አባዬ።

«ወልዴ ደህና ናት ብሎኛል። የታመመው ያንተ እጅ ነው! ሌባ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። በቆሎ የያዘው ማኘኩን አቆመ። «እስከ እሁድ እታገስሃለሁ» አሉ እትዬ አበራሽ፤ «ሰኞ ቁልፌን ታስረክበኛለህ። ሌላ ሹፌር አለኝ።»

አባዬ ጨርቁን አንስቶ የመኪናዋን መስታወት መወልወል ጀመረ። ከስድቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ይሄ ነበር። የቤታችን እንጀራ ከዚያች ሚኒባስ እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ ግን ስሙስ? ስሙን ማን ነው የሚመልስለት?

አርብ ዕለት የሰፈራችን ሰዎች ጎጀብ ለቅሶ ለመድረስ ሚኒባሷን ኮንትራት ያዙ። ጎጀብን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከቦንጋ ጭጋግ ወጥታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀቱ ምድጃ የተከፈተባችሁ ያህል ፊታችሁን ይመታችኋል። ለቀስተኞቹ ጋቢያቸውን ገፈፉ፤ መስኮቱ ሁሉ ተከፈተ። ያኔ አንድ የጎደለ ነገር ያለ መሰለኝ። አሸተትኩ። የቤንዚኑ ሽታ የለም! በመስተዋቱ ወደኋላ አየሁ፤ ጭስም የለም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሙቀት መለኪያ ቀስት፣ ሺሺንዳ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ታች ተጋድማ የማያት፣ መሀል ድረስ ቆማለች።

ስንመለስ ዓይኔን ከቀስቷ ላይ አልነቀልኩም። ዳገቱን ወጥተን ዝናቡና ነፋሱ ሲቀበሉን ቀስ እያለች ወረደች፤ ወረደችና ተኛች። ሽታውም ተከትሎ መጣ።

«አባዬ፣ ይቺ ቀስት ቦንጋ ስንቃረብ ለምን ትተኛለች?»

«ጎበዝ ሹፌር ስለያዛት ነዋ!» አለ ሳቅ ብሎ። «ጅማ ስንሠራ የጎጀብ ዳገት ላይ ታፈላብኝ ነበር። ቴርሞስታቷን አስወጥቼ ተገላገልኩ። ለፈረንጅ አገር ብርድ የተሠራ ነገር ለእኛ ምን ያደርጋል?»

«ምን የምትሠራ ነገር ናት?»

«ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ማቀዝቀዣው፣ ወደ ራዲያተር፣ እንዳይሄድ የምትዘጋ ትንሽ በር ናት።»

ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ጠዋት ሞተር ሲያስነሳ ጭስ ይወጣና፣ አባዬ ራሱ «ገና ብርድ ላይ ናት፣ ብዙ ትጠጣለች፤ ስትሞቅ ትተዋለች» ይለኝ ነበር። ሁለቱን ወሬ አገጣጠምኳቸውና ከመቀመጫዬ ብድግ አልኩ።

«በሩን አውጥተህባት እኮ በዚህ ብርድ አትሞቅም! ቀኑን ሙሉ ጠዋት ይመስላታል፤ ለዚያ ነው ስትጠጣ የምትውለው!»

ሳቁ ጠፋ። «ቤንዚኑን የጨረስኩት እኔ ነኝ እያልሽ ነው?»

«አላወቅክማ። ነገ ለእትዬ አበራሽ እንንገራቸው።»

«ምን ብዬ? ይሄን ሁሉ ዘመን ነድቼ፣ ስህተቴን ልጄ ነገረችኝ ብዬ?»

«ሌባ ከመባል አይሻልም?»

መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ። «ኋላ ሄደሽ ተቀመጪ» አለኝ። ከለቀስተኞቹ መሀል ተጣብቄ እንባዬ መጣ። አንዲት እናት ትከሻዬን እያሻሹ «አይዞሽ ልጄ፣ ሟቹን በደንብ ታውቂያቸው ነበር?» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ሚኒባሷን ይዞ ጋሽ ወልዴን ለመጨረሻ ጊዜ ሊለምን ጋራዥ ሄደ። እኔ ደግሞ ከሱቅ የፓስታ ካርቶን ለምኜ እትዬ አበራሽ በር ላይ ተገኘሁ።

«አባትሽ ነው የላከሽ?» አሉኝ።

«ቢያውቅ ይከለክለኝ ነበር። ሌባውን ላሳይዎት ነው፤ ጃንጥላ ይያዙ።»

ሳይስቁ ተከተሉኝ። ጋራዡ ስንደርስ ጋሽ ወልዴ ካርቶኑን አዩና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ለሞተሯ ጃኬት ልታለብሻት ነው?» አሉ።

«አዎ፣ በርዷታል።»

የጋራዡ ሰው ሁሉ ሳቀ። አባዬ ብቻ አልሳቀም፤ መሬት መሬት ያያል። ስለ ቴርሞስታቷ ስናገር ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አወናጨፉ። «እኔ ከስንት መኪና አውጥቼ የጣልኩት ነገር! የሞተ መኪና አለ?»

«አልሞቱም፤ ሲጠጡ ግን ማን አየ? እስቲ ይምጡና መንገድ ላይ እንያት።»

አራታችንም ተሳፈርን። በሺሺንዳ መውጫ ዳገቱን ይዘን፣ መጀመሪያ ያለ ካርቶን ሄድን። እትዬ አበራሽ ከፊት ሆነው ቀስቷን ያያሉ፤ ጋሽ ወልዴ በኋላ መስኮት ጭሱን። ቀስቷ ተኝታለች፤ ጭሱ ይንቦለቦላል። አስቆምኳቸውና ወርጄ በዝናብ ውስጥ ካርቶኑን ራዲያተሩ ፊት በገመድ አሰርኩት። ነፋሱን የሚከለክል ነገር አገኘች ማለት ነው። እንደገና ተነሳን። ትንሽ እንደሄድን ቀስቷ መነሳት ጀመረች። መሀል ስትደርስ ጋሽ ወልዴ ከኋላ «ጠፋ!» ብለው ጮኹ። «ጭሱ ጠፋ! እኔ ጋ ቆማ ስለምትሞቅ ነው ለካ የሸወደችኝ!»

አባዬ አቆመ።

«ይቺን በር ማነው ያስወጣት?» አሉ እትዬ አበራሽ።

ይሄን እኔ እንድናገረው አልፈለግኩም። አባዬ መሪውን እንደያዘ «እኔ ነኝ» አለ። «ያስወጣሁት እኔ ነኝ እትዬ። መስረቅ ግን አልሰረቅኩም።»

«እሺ በቃ፣ ሰኞ ሥራህን ቀጥል።»

ያለቀ መሰላቸው። «አይበቃም!» አልኩ።

«አንቺ ልጅ!» አለ አባዬ።

«ሌባ ያሉት መናኸሪያ ውስጥ ነው፣ በሰው ፊት። ሌባ አይደለም የሚሉትም እዚያው ነው።»

እትዬ አበራሽ ዞረው አዩኝ። «እምቢ ብልስ?»

«ቁልፉን አሁኑኑ ይውሰዱ።»

ቁልፉ የእኔ አልነበረም፤ ሥራውም የእኔ አልነበረም። አባዬ በመስተዋቱ አየኝ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቀለ፣ መዳፉ ላይ አድርጎ ለእትዬ አበራሽ ዘረጋላቸው።

አልወሰዱትም። «እስከ መናኸሪያ ንዳ» አሉ።

መናኸሪያው መሀል ወርደው ጃንጥላቸውን አጠፉና በዚያ ድምፃቸው «ስሙኝ! ጌታቸው ሌባ አይደለም! ቤንዚኑን የጠጣችው መኪናዋ ናት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!» አሉ። አንዱ ከሰልፉ ውስጥ «እና መኪናዋ ትታሰራ!» ሲል ሰው በሳቅ ፈረሰ። አባዬም ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፊት ወንበር አውርዶኝ አያውቅም።

አዲሷ ቴርሞስታት ከጅማ መጥታ ስትገጠም ባትሪ ይዤ ያበራሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ወልዴም እስከ ዛሬ ስሜን ትተው «በርዷታል» ይሉኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ።

አሁን ሳስበው አባዬን ይቅርታ ብዬው አላውቅም፤ እሱም ይቅርታ በይኝ ብሎኝ አያውቅም። ልጅ አባቷን ስታርም መዳፈር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን እወደዋለሁ ብዬ ዝም ብል ኖሮ በመናኸሪያው ሌባ እንደተባለ ይቀር ነበር። እንዲህ ያለው መዳፈር ይብዛልኝ።

ዛሬ ከሰዓት ጋሽ ወልዴ ደውለውልኝ ነበር። «ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡን ለሴቶች እለቀዋለሁ። ማየት የሚፈልጉ ካሉ ይዘሻቸው ነይ፤ ሞተር ከፍቼ አሳያቸዋለሁ» አሉኝ። እኔም ይሄን ለምታነቡ የቦንጋ ሴቶች እያስተላለፍኩ ነው። መፍቻ ይዛችሁ አታውቁ ይሆናል፤ ምንም አይደለም። ፀጉራችሁን አስሩ፣ ነጠላችሁን ቤት ተዉት፤ የሞተር ማራገቢያ ይዞ ይጎትታል። የሚስቅባችሁ ሰው ካለ እሱንም ጎትታችሁ አምጡት። መፍቻ ያቀብለናል።