ከአባቴ ሱሪ የተሰፋው ሽርጥ

ወሬው ሲደርሰኝ የልጄን ጂንስ ሱሪ እየተኮስኩ ነበር። ጅጅጋ ላይ ልብስ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ያን ቀን ጠዋት ግን ልጁ ለትምህርት ቤት ተቻኩሎ ስለነበር ገና እርጥብ እያለ ካውያውን ጫንኩበት። እርጥብ ጂንስ ሲተኮስ የሚወጣው እንፋሎት የራሱ ሽታ አለው፤ ትንሽ ብረት ብረት፣ ትንሽ ዝናብ የነካው አፈር የሚል። ስልኩ ጮኸ። ወንድሜ ነበር፣ ከመቱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ ልጆቹ፣ ስለ ንፋሱ፣ ስለ ገበያው ጠይቆ የማይጠግበው ሰው ስሜን ብቻ ጠራ። ከኋላው የሰው ጫጫታ ይሰማኝ ነበር።

"እማዬ አረፈች" አለኝ። "ማታ ደህና ነበረች። ጠዋት ልንቀሰቅሳት ብንገባ..."

"እሱ ያውቃል" አልኩ። ካውያውን ማንሳት ረስቼ የሱሪው ጉልበት ጠቆረ፤ እንፋሎቱም ፊቴን ሲመታኝ ከዚህ ደረቅ አገር ወጥቼ መቱ፣ ከገበያው በታች፣ ከአባቴ ሥራ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነበር።

አባቴ አናጢ ነበር። ሥራ ቤታችን ቆርቆሮ ክዳን ነበረው፤ በዚያ አገር ደግሞ ዝናብ ሲጀምር የሚያቆም አይመስልም፣ ስለዚህ የልጅነቴ ድምፅ ከላይ የዝናብ፣ ከታች የመላጊያ ነው። አዲስ የተሰነጠቀ ዋንዛ ይሸታል፣ የሞቀ ኮላ ይሸታል። አባቴ ለሥራ የሚለብሳት አንዲት ጂንስ ሱሪ ነበረችው፤ ከልባሽ ጨርቅ ተራ የገዛት፣ ኮላና ቫርኒሽ እየጠጣች እንደ ቆዳ የደረቀች። "ሲያወልቃት ራሷን ችላ ትቆማለች" እያለች እናቴ ትስቅበት ነበር። እሱም "ቁሚና ጠብቂኝ ብያት ነው" ይል ነበር።

እኔ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ ክረምት፣ ታሞ ሳይከርም ሞተ።

የሟች ልብስ እኛ ቤት አይቀመጥም፤ አርባው ሳያልፍ ለነዳያን ይሰጣል። እናቴ ሸሚዙን፣ ካፖርቱን፣ የክት ጫማውን ሳይቀር አጥባ አጣጥፋ ሰጠች። ሱሪዋ ብቻ ቀረች። እናቴ እንዲህ ያለውን ነገር በልቧ ይዛ የምታድር ሰው አልነበረችምና የንስሐ አባታችንን ጠርታ አሳየቻቸው።

"አባ፣ ይህን ብሰጥ ነዳዩ ይቀየመኛል፤ ባስቀረው ደግሞ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።"

እሳቸው ሱሪዋን በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ ብርሃን አዩአት። "ልጄ፣ ይኼ ልብስ አይደለም" አሉ። "የሥራ ዕቃ ነው። ከመጋዙ ጋር አስቀምጪው።"

እናቴ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ችግሩ መጋዙ ራሱ የሚቀመጥ አለመሆኑ ነበር። ከአርባው ቀጥሎ የአባቴ ታላቅ ወንድም ከሁሩሙ መጡ። ማር የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው፤ ልብሳቸው ሁልጊዜ ጭስና ሰም ይሸታል። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። እናቴን እንደ አገራቸው ወግ "ሃዳ ኢጆሌ" ነበር የሚሏት፣ የልጆች እናት። የመጡት የወንድማቸውን መሣሪያ ሸጠው ላም ሊገዙልን፣ እኛንም ወደ ሁሩሙ ሊወስዱን ነበር።

"ሃዳ ኢጆሌ፣ ቤት አለኝ፣ መሬት አለኝ። እዚህ ማን አለሽ? አንቺ የወሎ ልጅ፣ ዘመድሽ ሁሉ ሩቅ ነው።"

"መሣሪያው አለኝ" አለች እናቴ።

"መሣሪያው ምን ያደርግልሻል? ኩን ሆጂ ዱበርቲ ሚቲ!" የሴት ሥራ አይደለም ማለታቸው ነው። "ሴት መላጊያ ስትይዝ አይቼ አላውቅም።"

"እኔም አላየሁም" አለች።

መሣሪያው ከሄደ ሥራ ቤቱ ይዘጋል፤ ሥራ ቤቱ ከተዘጋ የቤቱ ኪራይ የለም፤ እኛም የሰው ቤት ጥገኛ መሆናችን ነው፣ የዘመድ ቢሆንም። ይህን እኔም ልጅ ሆኜ ገብቶኝ ነበር። ማዕዘን ላይ ቆሜ መላጊያውን ከኋላዬ ደብቄ ይዤው እንደነበር ትዝ ይለኛል፣ ሊደበቅ የሚችል ይመስል።

ያዳነን ልብስ ሰፊው ነው። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናቸውን ዘርግተው የሚሰፉ፣ ሽበታም፣ የአምስቱ ወቅት ሶላት ሳይዛነፍባቸው ሰው እያሳቁ የሚውሉ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ የሱቃቸውን በር ጀምሮላቸው ነበር የሞተው። ጣውላው ተሰንጥቆ ግድግዳ ተደግፎ ቀርቷል።

"ቆይ እንጂ" አሉ አጎቴን በኦሮምኛ፤ ቀጥለው ለእናቴ እንዲገባት በአማርኛ ደገሙት። "መሣሪያው ከሄደ የእኔ በር በምን ያልቃል? ወንድምህ ቃል ገብቶልኛል። መጀመሪያ በሩ ይጨረስና ከዚያ ውሰድ።"

አጎቴ አሰቡ። የሙት ቃል ነገር ከበዳቸው። "እሺ፣ ማሩ ተቆርጦ ስመለስ ይሁን" ብለው ሄዱ። ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ ወደ እናቴ ዞረው፣ "እትዬ፣ በሩን እኔ ልሥራው አላልኩም፤ የምትሠሪው አንቺ ነሽ" አሏት። "ሱሪዋን አምጪልኝ፤ ለሥራ የሚታጠቅ ሽርጥ ላውጣልሽ።"

ልብስ ሰፊው የባዕድ ሴት ገላ ላይ ሜትር አያሳርፉም ነበር። ሴት ደንበኛ ስትመጣ ሲባጎ ይሰጧታል፤ ቤቷ ገብታ ራሷን ትለካና በየልኩ ቋጠሮ አስራ ትመልሳለች። የመቱ ሴት ሁሉ ይህን ያውቃል። እናቴም ሲባጎውን ይዛ ገባች። ግን ሐዘን ላይ ናት፤ ብርዱም አለ፤ ከጥቁር ቀሚሷ ላይ ሹራብ ደርባ፣ ከሹራቡ ላይ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ነበር። በዚያው ላይ ለካች። ልብስ ሰፊው ቋጠሮውን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ እንጂ ሴት ወፍረሻል አይባልምና ልኩን እንዳለ ተቀበሉ። የሱሪዋን እግሮች ተርትረው ዘረጉ፤ አልበቃ ሲል ከሌላ ያረጀ ጂንስ ቀጠሉበት። መርፌ ተሰበረባቸው፣ ሌላ ቀየሩ፣ እሱም ተሰበረ። "ሰውዬው ዛሬም ሊያደክመኝ ነው" እያሉ ከሟች ጋር ይጨቃጨቁ ነበር።

ሽርጡ ሲያልቅ እናቴ ለሥራ ሹራቧን አውልቃ ታጠቀችው። ዞሮ ዞሮ ከኋላ ተገናኝቶ፣ ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ፊት መጣ።

ልብስ ሰፊው ጉንጫቸውን ነፍተው ቆዩና "እትዬ፣ ውስጥ ሌላ ሰው አለ እንዴ?" አሉ።

አባቴ ያስተማረው ወጣት ጎረቤታችን አናጢም ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "ኸረ ድንኳን ነው! ለሠርግ እናከራየው!" አለ።

"ላጥብበው" አሉ ልብስ ሰፊው።

"አይሆንም፣ ጋሼ። አንዴ ተቀዷል፤ ሁለተኛ መቀስ አይነካውም" አለች እናቴ። ሁለት ጊዜ ጠምጥማ ታጠቀችውና ወደ ጣውላው ሄደች። ያ ትርፍ ዙር በኋላ ጠቀማት፤ መሮ አምልጧት የላይኛውን ጨርቅ ሲበሳ የታችኛው ላይ ቆሟል። ዕድሜ ልኳን ያቺን ቀዳዳ ለእንግዳ ታሳይ ነበር።

ሥራውን እንዴት እንዳወቀችው ልንገራችሁ። የሥራ ቤቱና የመኝታ ቤታችን ግድግዳ አንድ ነበር። ስትወልድ፣ ስታጠባ፣ ስትታመም፣ ከዚያ ግድግዳ ወዲህ ሆና አባቴን ስትሰማው ኖራለች። መላጊያው ስለቱ ሲወጣ ይንቋቋል፤ ልክ ሲሆን ያፏጫል፤ እንጨቱ ላይ ቁስል ሲያገኝ ይንተባተባል። እሷ የምታውቀው ይህን ነው። ዓይኗን ጨፍና ትገፋለች፣ ታዳምጣለች፣ ስለቱን በመዶሻ ጫፍ መታ ታደርጋለች፣ እንደገና ትገፋለች። እኔ የጣውላውን ጫፍ እይዛለሁ፤ መጋዝ ሲሆን በወዲያኛው በኩል እስባለሁ። ፍቅፋቂው ከሽርጡ ላይ እየተንሸራተተ እግራችን ሥር ይከመራል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በግድግዳው ሽንቁር ስትገባ፣ መላጊያው ከጫፍ እስከ ጫፍ አፏጨ። እናቴ ቆመች። ሽርጡን አንስታ ፊቷን ሸፈነችበት። ምን እያሸተተች እንደነበር አልጠየቅኋትም።

ጎረቤታችን አናጢ በየቀኑ ብቅ ይላል። "እትዬ፣ ሽርጥ መታጠቅና መላግ ይለያያል!"

"አንተ ስትማር የሰነጠቅከውን ጣውላ ሁሉ በድምፁ አውቀዋለሁ፣ ልቁጠርልህ?" ትለዋለች። ይስቅና ገብቶ ማጠፊያውን ይይዝላታል።

በሩ አለቀ። ጠንካራ፣ ለስላሳ፣ መጋጠሚያው ውስጥ ጥፍር የማይገባበት በር ነበር። ስትገጥመው ግን አንድ ነገር ተሳሳተች። ማጠፊያዎቹን የመታችው በሩን ሥራ ቤት ውስጥ አስተኝታ ስለነበር ፊቱ ተገለበጠባትና፣ ሲገጠም ወደ ውስጥ መከፈት ሲገባው ወደ በረንዳው ተከፈተ። የልብስ ሰፊውን በርጩማ ገፍቶ ጣለው።

"ወይኔ ልጆቼ! አፍርሼ ልሥራው" አለች። አጎቴ የሚመጡበት ጊዜ ደርሷል።

ልብስ ሰፊው በርጩማቸውን አነሡ፣ በሩን ዘጉ፣ ከፈቱ። "ተዪው። ቤቴ ጠባብ ናት። ሲከፈት ወደ ውጭ ከሄደልኝ ቦታ ተረፈኝ ማለት ነው።"

አጎቴ የመጡት በገበያ ቀን ነው፤ በአንድ እጃቸው የማር ቅል፣ በሌላው መሣሪያውን የሚያስሩበት ገመድ። በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄዱና በሩን ገፉት። አልተከፈተም። በትከሻቸው ገፉት።

"ተቆልፏል!" አሉ።

"ሳበው!" አሉ ልብስ ሰፊው ከውስጥ።

"ምን?"

"ወደ ራስህ ሳበው፣ አንተ ሰውዬ፣ ቀፎ አይደለም የምትገፋው!"

አጎቴ ሳቡት። በሩ ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እናቴ ብቻ ሽርጧን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። አጎቴ አልሳቁም። ቅሉን መሬት አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው የበሩን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ሄዱበት። ዘጉት፤ ሳቡት። እንደገና ዘጉት። ከዚያ ወደ ሥራ ቤታችን ገቡ፣ መጋዙን ከግድግዳው አወረዱ፣ በገመዱ አሰሩት። የእናቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ጸሎት ላይ ናት።

"ደንዟል" አሉ አጎቴ። "ሁሩሙ ጥሩ ሞራጅ አለ። አስሞርጄ በሚቀጥለው ገበያ እመልሰዋለሁ።" ደጃፉን ሲሻገሩ ዞር አሉ። "ሃዳ ኢጆሌ፣ የማር ጎተራዬም በር የለውም። ግን ወደ ውስጥ የሚከፈት ይሁን።"

መጋዙ ተስሎ ተመለሰ። እኔ በዚያ መጋዝ ተማርኩ፤ ቁቤውንም ፊደሉንም ለይቼ፣ ነርስነት ጨርሼ፣ አግብቼ እስከዚህ ድረስ መጣሁ። ስደውልላት መጀመሪያ የምሰማው መላጊያውን ነበር፤ ቀጥላ "ቆይ፣ እጄን ልጥረግ" ትለኛለች። በምን እንደምትጠርገው አውቃለሁ። ልብስ ሰፊው ከእሷ ቀድመው አረፉ፤ አጎቴም። ሱቁ ዛሬ ሌላ ሰው ይዞታል፤ እንግዳ ሁሉ ግን መጀመሪያ በሩን ይገፋል ይሉኛል።

ከጅጅጋ መቱ ሩቅ ነው፤ ቀብር ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ስደርስ እናቴ አፈር ገብታለች። ወንድሜ ቁልፉን ሰጠኝ፤ ሥራ ቤቱን ከፍቼ ገባሁ። ወለሉ ላይ አዲስ የዋንዛ ፍቅፋቂ ነበር፣ ገና ያልጠወለገ። የሬሳ ሳጥኗን እዚያው፣ በራሷ መሣሪያ ሠርተውታል። ሽርጡ በምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፤ እጥፋቱ ውስጥ ሰጋቱራ አለ፣ ማሰሪያውም የእናቴ ባልሆነ አስተሳሰር ተቋጥሮ ቀርቷል። ሰው ታጥቆት ሠርቷል፤ ከዚያ አክብሮ መልሶ ሰቅሎታል።

ወንድሜ ያን ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበር፣ አላየም። ጎረቤታችንን፣ ያን ቀልደኛ፣ አሁን ሽበት የወረሰውን፣ ጠየቅሁት። "ብዙ ነበርን" አለኝ። "የመቱም የጎሬም አናጢ መጥቶ ነበር። መላጊያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው የዋለው። ሽርጡን ማን እንዳነሣው ዓይኔ እንባ ሞልቶት አላየሁም።"

እንግዲህ በዚያ ጠዋት እዚያ የነበራችሁ፣ ይህ ከእጃችሁ ከገባ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ሽርጡን የታጠቀው ሰው ስሙን ላኩልኝ። ክርስቲያን ከሆነ የክርስትና ስሙን፣ ሙስሊም ከሆነ እናቱ የምትጠራውን። ማታ ማታ ለእናቴ ስጸልይ ለእሱም እጸልያለሁ፤ እስከ ዛሬ ግን "ያ ሰው" እያልኩ ነው።