እኔም ርቦኝ ነበር

ፖሊሶቹ የመጡት ሽሮ እየነፋሁ ሳለ ነው። "ከመተከል የመጡትን ሰዎች ቤትሽ ያሳደርሽው አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"ዘመዶቼ ናቸው፤ ተፈናቅለው ነው" አልኩ።

ዱቄቱ እጄ ላይ እንዳለ ወሰዱኝ። ነጠላዬን የደረብኩት መንገድ ላይ ነው።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል ጠባብ ናት። የአሶሳ ፀሐይ ቆርቆሮውን ያግለዋል፤ ሲሚንቶው ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን አለ። ጥግ ላይ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታጠባለች። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፣ ከሆሞሻ ያመጧት። ቤተሰቦቿ የት እንዳለች አያውቁም። እስር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ዘመድ ስንቅ ካላመጣ የሚበላ የለም። ሕፃኗ ጡቱን ትስብና ታለቅሳለች፤ ወተቱ እየነጠፈ ነበር።

ከፍርሃቴ የተነሳ ይሁን እንጃ፣ እነሱን ማዳን ሥራዬ ብዬ ያዝኩት። "ጌታ ሆይ፣ እኔ ይቺን ሕፃን ላትርፍ፣ አንተ ደግሞ እኔን ለልጆቼ አትርፈኝ" አልኩ በሆዴ።

ልጄ በምሳ ዕቃ እንጀራ በሽሮ ታስገባለች። ሁሉንም ለእናቲቱ አቀርባለሁ።

"አንተስ?" ትለኛለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

"እኔ ሁዳዴ እየጾምኩ ነው፤ አይርበኝም። ብዪ!"

አንድ ጉርሻ ትቀምስና "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እጸልያለሁ፤ ዞር ስል ዕቃው ባዶ ነው። ደስ ይለኛል። ሕፃኗ ግን ልቅሶዋን አልተወችም።

በሦስተኛው ቀን ለስግደት ጎንበስ ስል ዓይኔ ጨለመብኝ። ስነቃ ራሴ ጭኗ ላይ ነው፤ በእፍኟ ውሃ ታጠጣኛለች። ከዚያ ከጀርባዋ አንድ ቋጠሮ አውጥታ ፈታችው። የሦስት ቀን እንጀራዬ! ደርቆ ተጣሟል።

"ምነው ልጄ?"

"የእኛ አገር፣ ምግብ የሰጠ ሰው ካልበላ እንግዳ ይቀምሳል፣ አይበላም። አንተ አይበላም፣ እኔ እንዴት ይበላል? ይሄ የአንተ ነው። አስቀመጥኩ።"

ለካ ሕፃኗን ያስራብኳት እኔው ነኝ! ላለቅስ ስል ሳቅ ቀደመኝ።

"ሁለት ሞኞች!" አልኳት።

"ወላሂ፣ አንተ ይበልጣል!"

ጠባቂው ከውጭ "እማማ፣ ምን ያስቃችኋል?" አለ።

"ርቦኛል ልጄ" አልኩት። ከታሰርኩ ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። "ስንቄ መጥቶ እንደሆነ ስጠኝ።"

ምሳ ዕቃውን አቀበለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ የጾም መፍቻ ነው። ነጠላዬን ሲሚንቶው ላይ አነጠፍኩ። እሷ እኔን አስታጠበችኝ፣ እኔም እሷን። አማተብኩ፤ እሷም "ቢስሚላህ" አለች። ደረቁን እንጀራ ትኩሱ ሽሮ ላይ ፈተፈትነው። የመጀመሪያውን ጉርሻ እሷ አጎረሰችኝ፤ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እሷ በላች፤ እንዴት አድርጋ በላች! ውሎ አድሮ ወተቱ መጣ። ሕፃኗ ወተቱ ከአፏ ጥግ እየፈሰሰ ስትተኛ፣ እኛ በሳቅ እንዳንቀሰቅሳት አፋችንን ያዝን።

ከተፈታን ቆየን፤ አሁን ሁለታችንም ቤታችን ነን። መኪና በሬ ላይ ሲቆም ልቤ ዛሬም ይደነግጣል። የተቸገረ ሲመጣ ያለኝን አቀርባለሁ፤ የማልችለውን ግን አልችልም እላለሁ። ጌታ ራሱ ደክሞት ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጦ ያቺን ሳምራዊት "ውሃ አጠጪኝ" ብሏት የለ? እሱ ሰውን ከለመነ እኔ ማን ነኝ?

ያቺ እናት ለገበያ ከሆሞሻ ስትመጣ ቤቴ ትገባለች፤ ያቺ ሕፃን አድጋ ግቢውን በሩጫ ታምሰዋለች። ገበታ ሳቀርብ እናትየው እጇን አትዘረጋም።

"አንተ ቅደም" ትለኛለች።

እቀድማለሁ።