የብርጭቆ ታንኳ

አባቴ ባሕር ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብርጭቆ ይነፋ ነበር። ሙያውን ያስተማረው ከአብዮቱ በፊት የነበረ ፈረንጅ መምህር ነው። የብርጭቆውን ቱቦ በእሳት ላይ እያሽከረከረ ያለሰልስና በአንደኛው ጫፍ እፍ ሲልበት፣ ያ ደረቅ ነገር እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ከስብርባሪ ወፍና መስቀል እየሠራ ለሠርግና ለክርስትና መታሰቢያ ይሰጥ ነበር። እናቴ "እስትንፋስህን ለሰው ስታድል አለቅህ" እያለች ትጨቀጭቀዋለች።

ታላቅ ወንድሜ ወረቀት በትነሃል ተብሎ ቀበሌ ሲታሰር ጭቅጭቁም ቀረ። ጠዋት ጠዋት ስንቅ የማደርሰው እኔ ነበርሁ። የትናንቱ ሳህን ባዶውን ከተመለሰልኝ አለ ማለት ነው፤ እፎይ ብዬ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ እናቴ አባቴን ለመነችው። "ለቀበሌው ሊቀ መንበር አንድ መታሰቢያ ሥራለት። እጅህን አይቶ ይራራልን ይሆናል።"

አባቴ ታንኳ ሠራ። ቀጫጭን የብርጭቆ ዘንጎችን ታንኳ እንደሚሠራበት ደንገል ደርድሮ አንድ በአንድ እያቀለጠ አጣበቃቸው። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም። በመጨረሻ ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም "ተዝካረ አብዮት" ብሎ ጻፈበት።

አባቴ ጣና ዳር ባለችው ቁንዝላ ከቄስ ቤት ተወልዶ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደገ ሰው ነው። የሕመም ፈቃድ ማመልከቻ እንኳ ያለ ግእዝ አይጽፍም።

"አባባ፣ ተዝካር ለሙት አይደለም ወይ?" አልሁት።

"በግእዝ መታሰቢያ ማለት ነው። ደግሞ አንቺ ግእዝ ልታስተምሪኝ?"

ዝም አልሁ። ያንን ዝምታዬን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

አብሬው ሄድሁ። ሊቀ መንበሩ በወንድሜ ዕድሜ ያለ ጎረምሳ ነው። ታንኳውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ሲያየው ፊቱ ፈካ፤ እኔም ተስፋ አደረግሁ። ከዚያ ጽሑፉን አነበበ።

"ተዝካር? አብዮቱ መቼ ሞተና ነው ተዝካር የምታወጣለት፣ አንተ?"

"ኧረ ምን በወጣኝ! በግእዝ መታሰቢያ ማለት ነው፣ ጌታዬ" አለ አባቴ። በዚያ ላይ "ጌታዬ"! ጓድ ማለት አልለመደበትም።

አልመቱትም። ሊቀ መንበሩ ታንኳውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ "ሂድ" አለው።

በማግስቱ ስንቁን ይዤ ስደርስ ዘበኛው ቀና ብሎ ሳያየኝ "ከእንግዲህ አታምጪ" አለኝ። ሳህኑን እንደ ሞላ ይዤ ተመለስሁ።

በታንኳው ምክንያት ይሁን፣ ቀድመው ገድለውት ይሁን አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ሳህኑን ባዶ ያደረጉት ዘበኞቹ ቢሆኑስ? አባቴ ግን በራሱ ላይ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ለትምህርት ቤቱ ቱቦ ከማጠፍ በቀር ብርጭቆ ላይ እፍ አላለም።

ማልቀስ ክልክል ነበር። እናቴ በሹክሹክታ "አርባውን ከየትኛው ቀን እንቁጠር?" እያለች ትጠይቀናለች። የወንድሜ ተዝካር ሳይወጣ ቀረ። ከቤታችን የወጣ ተዝካር ያ የብርጭቆው ብቻ ነው፤ እሱንም ለአብዮቱ ሰጠነው።