የደበቅኩት ዲፕሎማ

ማስታወቂያው የተለጠፈው በሠራተኞች መግቢያ በር ላይ ነው። ከእንግዲህ ለቋሚ ሥራ የሚወዳደር ነርስ ባካሎሪዮስ፣ ማለትም የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሊኖረው ይገባል ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። በሱዳን ዋና ከተማ፣ ቡሪ በሚባለው ሰፈር ባለ ሆስፒታል በኮንትራት ስሠራ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር፤ ያለኝ ግን ደሴ የተማርኩት የሦስት ዓመት ዲፕሎማ ነው።

ዲግሪ ምን ያደርጋል አልልም። አዲሶቹ ልጆች የመድኃኒት ስሌት በቃላቸው ሲጨርሱ እኔ ገና ወረቀት እፈልጋለሁ። ሰውነቱ የደረቀ ሕፃን ሲመጣ ግን ደም ሥሩን እንዳገኝላቸው የሚጠሩት እኔን ነው። ይህን እያሰብኩ ተናደድኩ፤ ቆይቶ መናደዱም ደከመኝ።

ዋና ነርሳችን፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሱዳናዊት፣ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ያ ቢቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ኦምዱርማን ያለው ኮሌጅ ባለ ዲፕሎማ ተቀብሎ በሁለት ዓመት ዲግሪ ያስጨርሳል። መመዝገብሽን የሚገልጽ ደብዳቤ እስከ ኀሙስ ካመጣሽ ስምሽን ከተወዳዳሪዎቹ ጋር አስገባለሁ። ያላ፣ ዛሬ ነገ አትበይ።»

ረቡዕ ፈረቃ ተለዋውጬ፣ በተጨናነቀ አውቶቡስ ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን ኮሌጁ ደረስኩ። መዝጋቢው ጨዋ ሰው ነው። ዲፕሎማዬን አይቶ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ ከወጣበት የሥራ ውል ጋር ጠየቀኝና ውሉን ሲያነብ ቀና አለ።

«እዚህ ላይ ስምንተኛ ክፍል ይላል፣ ያ ኡኽቲ» አለኝ፤ እህቴ ማለቱ ነው።

ይላል። ያስባልኩት እኔው ነኝ። በመተማ ስመጣ ደላላው «እመቤቶቹ የተማረች ሠራተኛ አይወዱም፤ አፍ ታበዛለች ይላሉ» ሲለኝ፣ ዲፕሎማዬን እናቴ ሣጥን ውስጥ ትቼ፣ ከስምንተኛ ያቋረጥኩ ነኝ ብዬ አል-ማንሺያ ሰፈር አንድ ቤት በሠራተኛነት ተቀጠርኩ። ብዙዎቻችን የገባነው እንዲሁ ነው። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። በኋላ የቤቱ አሮጊት ታመው ሆስፒታል ሲተኙ፣ ቁስላቸውን ሳጥብ አይተው ወደ ሙያዬ የመለሱኝ ዋና ነርሳችን ናቸው። ያኔ ወረቀት የጠየቀኝ አልነበረም። ዲፕሎማዬንም ወንድሜ የላከልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ኢቃማዬ ግን በየዓመቱ በዚያው በቤት ሠራተኛነት ውል ይታደሳል።

«ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው» አለኝ መዝጋቢው።

«ውሉ ነው፤ ወላሂ።»

«እሱን የፈረምሽው እኮ አንቺ ነሽ።» ቁጣ አልነበረበትም። ወረቀቶቼን አስተካክሎ መለሰልኝ። «አሳርሚውና ነይ፤ ኢንሻአላህ እንቀበልሻለን።»

ማሳረሙ ወራት ይፈጃል። ኀሙስ ደግሞ ነገ ነው።

ተመልሼ ለዋና ነርሳችን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሥራው ከማምለጡ ይልቅ መዋሸቴን ከአፌ መስማታቸው አሳፈረኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«እኔም ባካሎሪዮስ የለኝም» አሉ። «በእኔ ጊዜ ትልቁ ዲፕሎማ ነበር። አስተዳደሩ በወሩ መጨረሻ ሂጂ ብሎኛል። አንቺ እንኳ እዚህ ብትቆዪ ብዬ ነበር።»

 ኮሪደሩ ላይ አንዷ ጀማሪ ነርስ «ሲስተር» ብላ ተጣራች። ማናችንን እንደሆነ አላወቅንም፤ ሁለታችንም ተነሳን።